ስሜን የሰረዝኩበት ግማሽ ገጽ

አሰላ ውስጥ አንድ አሮጌ ታፔላ ቀና ብላችሁ ብታነብቡ፣ ታች ጥግ ላይ «ታደሰ ሠዓሊ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ያ ሰው እኔ ነኝ። «ሠዓሊ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠሁት ራሴ ነኝ፤ ሌላ የሚሰጠኝ ጠብቄ ጠብቄ ስለጠፋ። ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጎሚስታ፣ መድኃኒት ቤት ሁሉ የእኔ እጅ አለበት። በሬ ስስል ፈረስ ይመስላል። ፈረስ ስስል ደግሞ በአርሲ ምድር ፈረስ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ገና እግሩን ሳልጨርስ ይስቁብኛል። በፊደል ግን አልታማም። የእኔን ፊደል መንገድ ተሻግሮ ያለ ሰው ያለ መነጽር ያነበዋል።

ከዚያ የባነር ማተሚያ መጣና ብሩሼ ሥራ ፈታ። እኔም ጥርሴ መነቃነቅ በጀመረበት ዕድሜ ኮምፒውተር ገዝቼ ከጎረቤቴ ከፎቶ አንሺው ፎቶሾፕ ተማርኩ። ተማርኩ ስላችሁ ሌላ አልጨመርኩም፤ እሱኑ ብቻ። የሠርግ ጥሪ በፎቶሾፕ፣ የዕድር ማስታወቂያ በፎቶሾፕ፣ የቤት ኪራይ ውል በፎቶሾፕ። አንድ ቀን ከሱቅ የሚገዛውን ዕቃ ጽፌ አትሜ ለባለቤቴ ብሰጣት፣ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «ስኳሩ ጥላ ያጠላበት ለምንድን ነው?» አለችኝ። ለጌጥ ነበር።

ባለቤቴ ዘነበች ትባላለች። የባልትና አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ቁጭ ማለት አልሆንላት ብሎ፣ ከጮሌ ወረዳ ገብስ እያስመጣች በሶና ጭኮ እያዘጋጀች መሸጥ ጀመረች። ጭኮን ለማያውቅ ልንገረው፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚበላ ነው። አንድ ጉርሻ የበላ ሰው እስከ ማታ ምሳ አይጠይቅም። ችግሩ ደንበኞቿ ጎረቤቶቻችን ብቻ መሆናቸው ነበር። ጎረቤት ደግሞ ይቀምሳል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል።

እናም በከተማችን ባዛር ሊካሄድ ሲል፣ ከየአገሩ ለሚመጡት ነጋዴዎች በሚታደለው መጽሔት ላይ ግማሽ ገጽ ማስታወቂያ ያዘች።

«ይህ ማስታወቂያ ሰው ካላመጣልኝ እተወዋለሁ» አለችኝ። «ወፍጮውንም እሸጠዋለሁ። ለማስቀመሻ ብዬ በስተርጅና ወገቤን አላጎብጥም።»

እንዲህ ያለችው እየሳቀች አልነበረም። ዘነበች ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

«ማስታወቂያውን ማን ይሠራዋል?» አልኳት፣ መልሱን እያወቅሁ።

«ማን አለኝ? አንተው ነህ እንጂ» አለች።

ሠራሁት። ከዚያ በፊት በስልክ ለዘመድ የምትልከው ትንሽ ምስል ሠርቼላት ስለነበር እሱኑ ከፍቼ ጎተትኩና ወደ ግማሽ ገጽ ለጠጥኩት። ላዩ ላይ የጭኮውን ፎቶ፣ የምትሸጣቸውን ነገሮች፣ በሶው እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያስረዳ አንቀጽ፣ አድራሻና ስልክ ሞላሁበት። መደቡ ቀይ፣ ፊደሉ ቢጫ፤ ከሩቅ የሚጣራ። ልልከው ስል ዘነበች ከኋላዬ መጥታ ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

«ፊደሉ ደብዘዝ አላለም?»

«መነጽርሽን ጥረጊ» አልኳት።

ጠረገችው። «አሁንም ደብዝዟል።»

«እንግዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ» አልኩና በኢሜይል ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት ገና ቁርስ ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ። አዳማ ካለው ማተሚያ ቤት ነው። ሂሩት እባላለሁ ያለች ሴት ናት፤ ገጾቹን ለኅትመት የምታዘጋጀው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ የላኩልን ማስታወቂያ አይታተምም» አለች፣ ሰላምታውን ገና ሳልጨርስ።

«ለምን? እኔ ጋ እኮ እንደ ፀሐይ ያበራል!»

«እርስዎ ጋ ያበራል። ወረቀት ላይ ግን ፊደሉ ተሰባብሯል። ስልክ ቁጥሩም ጠርዝ ላይ ነው፤ መቁረጫው ይወስደዋል።»

«አሳድጉት እንግዲህ!»

«ሲያድግ ይብስበታል፣ ጋሼ። ዛሬ ከሰዓት የማተሚያውን ፕሌት እናወጣለን። እስከዚያ አስተካክለው ካልላኩ ገጹን ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው እንሰጣለን። አዝናለሁ።»

ስልኩን ስዘጋው ዘነበች እጇን ከሳህኑ አንስታ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ የማወራ ሰው መሆኔን ልብ በሉልኝ፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«እንግዲህ መነጽሬ ደህና ኖሯል» አለች።

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስልክ ቁጥሩን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ላምጣው ብዬ ብጎትት፣ ቁጥሩ አብሮት ያለውን ቀይ መደብ ይዞ መጣ። ለካ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አጣብቄዋለሁ። ቆርቆሮ ላይ የለመደ እጅ እንዲህ ነው፤ ቀለም ከደረቀ ደረቀ፣ ከሥር ሌላ ነገር ይኖራል ብሎ አያስብም። በቁጥሩ ቦታ ነጭ ቀዳዳ ቀረ። ቀዳዳውን ልድፈን ብዬ ከአጠገቡ እየቀዳሁ ብለጥፍበት፣ ፎቶው ላይ ካለው ሳህን ጫፍ ሌላ ጭኮ በቀለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ጭኮ።»

«ቁጥር አለበት እኮ! ጭኮዬ ላይ ዘጠኝ ጻፍክበት!»

ያን ጊዜ ነው አዳማ በአካል እንድሄድ የወሰንኩት። ዋናው የጭኮ ፎቶ ያለው ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲፒዩውን ነቅዬ፣ መንገድ ላይ እንዳይንገላታ በጋቢዬ ጠቅልዬ ታቀፍኩት። በር ላይ ስደርስ ዘነበች ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?»

«የምታበላሸውን ላይ።»

ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ከኢተያ የተሳፈረች አንዲት ገበያተኛ ከጎኔ ተቀምጣ፣ «አከም ጅርቱ፣ አባባ» ብላ ሰላም አለችኝና ጋቢውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የልጅ ልጅ ነው?» አለችኝ።

«ኮምፒውተር ነው።»

«ምን ሆነ?»

«እሱ ምንም አልሆነም» አለች ዘነበች ከኋላ ወንበር። «የታመመው ያቀፈው ነው።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ሴትዮዋ ዴራ ስትወርድ ጋቢውን ዳሰስ አድርጋ፣ «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ገርጋሩ» አለችኝ። እግዜር ይርዳዎት ማለቷ ነው። አሜን አልኩ፤ ያን ቀን የማልቀበለው ምርቃት አልነበረም።

ማተሚያ ቤቱ ስንደርስ ሂሩት በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ስልክ ይዛ፣ በሁለት እጇ እየሠራች ተቀበለችን። ዐምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፈጣን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የታቀፍኩትን ስፈታው አይታ ስልኩን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከአሰላ ተሸክመው?»

«ፎቶው እዚህ ውስጥ ነው።»

«ፎቶውን በፍላሽ ቢያመጡት ይበቃ ነበር እኮ።»

ዘነበችን አላየኋትም። ማየት አያስፈልገኝም ነበር።

ሂሩት የላክሁትን ማስታወቂያ በልኩ አተመችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ያ የሚጣራ ቀይ የጉበት መልክ ይዟል። የበሶው አንቀጽ ደግሞ ዝናብ የመታው ደብተር ይመስላል።

«ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳየን፣ እኛ በቀለም ነው የምናትመው» አለች። «ይህ ግን ቀላሉ ነው። ይኸው፣ መጽሔቱ ከተጠረዘ በኋላ እንዲህ ይከረከማል።»

ማስመሪያ አስደግፋ ጠርዙን በምላጭ ሳብ አደረገችው። ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ተላቆ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በላዩ ላይ የዘነበች ስልክ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ነበሩ።

ዘነበች ቁራጩን በሁለት ጣቷ አነሳችው። ሲያዩት እንደ ፀጉር የቀለለ ነገር ነው። «ሰው በዚህ ቁጥር ቢደውል የት ይገባል?» አለች።

«የትም አይገባም፣ እማማ።»

 ከዚያ ሂሩት ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ታፔላ ይጽፉ ነበር?»

«በምን አወቅሽ?»

«ቆርቆሮ ላይ የጻፈ ሰው እስከ ጠርዝ ይሞላል። ቆርቆሮ አይከረከምማ! አሁን የገረመኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ቦታ ከታች እያለ፣ የእማማን ቁጥር ጠርዝ ላይ የገፋው ምንድን ነው?»

ጣቷን የገጹ ግርጌ ላይ አሳረፈች። እዚያ፣ ከዘነበች ስም የሚበልጥ ፊደል፣ በነጭ፣ በጥላ፣ እንዲህ ይላል፦ «ሥራው የታደሰ ሠዓሊ። ለማንኛውም ማስታወቂያ ይደውሉ።» ከሥሩም የእኔ ስልክ፣ ሙሉውን፣ አንድ ቁጥር ሳይጎድል።

ልማድ ነው፣ ወገኖቼ። ታፔላ ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ ታች ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ቀጣዩ እንጀራው እሱ ነው። እጄ ያለ እኔ ፈቃድ የሚጽፈው እስኪመስል ድረስ ለምጄዋለሁ። ግን ያን ጊዜ፣ በሚስቴ ዓይን ስር ሳነበው፣ እጄ ነው ብዬ ማምለጥ አልቻልኩም።

ዘነበች አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እኔ የጭኮ መስሎኝ» አለች ቀስ ብላ። «ለካ የአንተ ማስታወቂያ ነው።»

ሂሩት የምታየው ነገር እንዳላት አስመስላ ወደ ማሽኗ ዞረች። ከዚያ ሳትዞር፣ «ገና ሰዓት አለ» አለች። «አንድ ኮምፒውተር እለቅላችኋለሁ። ከዜሮ ትጀምሩታላችሁ። እኔ አሳያችኋለሁ እንጂ እጅ የለኝም፤ ብዙ ገጽ ይጠብቀኛል።»

ተቀመጥኩና ወዲያው ፎቶሾፕ ከፈትኩ።

«እሱን አይደለም፣ ጋሼ።»

«እኔ የማውቀው እሱን ነው!»

«ፎቶሾፕ ለፎቶው ነው። ምልክትና ትልልቅ ፊደል ሲሆን በኢሉስትሬተር ይሠራል፤ መስመር ነው የሚይዘው፣ ቢያሳድጉት አይሰበርም። ጽሑፉን፣ ፎቶውን፣ ቁጥሩን ገጽ ላይ የሚያሰናዳው ደግሞ ኢንዲዛይን ነው።»

«ሦስቱንም ላንድ ግማሽ ገጽ? እኔ በአንዱ ሁሉን ስሠራ ኖሬያለሁ።»

ያን ጊዜ ዘነበች ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። የድሮ አስተማሪነቷ ድምፅዋ ላይ መጣ።

«ታዴ፣ ገብስ የምቆላው በምንድን ነው?»

«በብረት ምጣድ።»

«የምፈጨውስ?»

«በወፍጮ።»

«የምነፋውስ?»

«በወንፊት።»

«አንድ ቀን በወንፊት ስቆላ አይተኸኛል?»

 ሂሩት ከማዶ ሆና ሳቋን በሳል አስመሰለችው። ፎቶሾፕን ለፎቶው ብቻ አስቀረሁት። ዋናውን ፎቶ ከሲፒዩዬ አውጥተን፣ ሂሩት እንዳሳየችኝ መልኩን ለኅትመት ቀለም አስተካከልኩ፤ እዚያ ላይ እንኳ እጄ አላሳፈረኝም። ገጹን ግን ዘነበች ያዘችው። ማውሱን እንደ ማንኪያ ነው የጨበጠችው። ሂሩት ከገጹ ጠርዝ ወደ ውስጥ የተሰመረ መስመር አሳየቻት። ጽሑፍ ከእሱ አያልፍም፤ መደቡ ግን ከገጹም አልፎ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ መቁረጫው ቢስት ነጭ እንዳይቀር።

«የሊጥ ጠርዝ ማለት ነው» አለች ዘነበች። «ተርፎ ይወጣል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ገባኝ።»

እያንዳንዱ ነገር በየራሱ ሳጥን ሲቀመጥ አየሁ። ፎቶው ለብቻው፣ አንቀጹ ለብቻው፣ ቁጥሩ ለብቻው። አንዱን ስታነሳው ሌላው ንቅንቅ አይልም። የእኔ ሲነቃነቅ መደቡን ይዞ እንደሚሄደው አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ላይ ቀለም ስደርብ ለኖርኩት ለእኔ፣ ያ ነገር ዓይኔ ላይ ሻማ እንደ ማብራት ነበር።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ከላይ «ጭኮ» ብለን በማሽኑ ፊደል ብንጽፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ያለ ይመስላል። ሌላ መረጥን፤ ያ ደግሞ የሠርግ ጥሪ ሆነ። ዘነበች አገላበጠችና፣ «ምንም ቅቤ የለውም» አለች።

ሂሩት ከመሳቢያዋ ነጭ ወረቀትና ጥቁር ቀለም አወጣች። ብሩሽ ቢጠፋ የሙጫ መቀቢያ ሰጠችኝ። «በእጅዎ ይጻፉት እስቲ።»

ጻፍኩት። የመጀመሪያው አላማረኝም፤ ሁለተኛውን ወረቀት ወሰድኩ። ሦስተኛው ላይ «ጭ» ወገቧን ይዛ ቆመች፣ «ኮ» ከጎኗ ጠገብ ብላ ተቀመጠች። ሂሩት በስካነር አስገብታ ኢሉስትሬተር ላይ ወደ መስመር ቀየረችው። ከዚያ አሳደገችው፤ ፊደሌ ስክሪኑን ሞላ። ጠርዟ እንደ ምላጭ ጥርት ያለ ነው። እንደገና አሳደገችው፤ አሁንም አልተሰበረችም። በየመታጠፊያዋ ትንንሽ ነጥብ አለ፤ ነጥቡን ስትነካው ፊደሏ ትታጠፋለች። ስንት ዓመት የጻፍኳትን ፊደል አጥንት ያን ቀን አየሁት።

«እንዴት ነው?» አልኳት ዘነበችን፣ ለራሴም እስኪገርመኝ በልመና ድምፅ።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። «አሁን ቅቤ አለው» አለች።

ገጹ ላይ ስናስቀምጠው ቦታ ጠበበ። ዘነበች የበሶውን አንቀጽ ማሳጠር ነበረባት፤ አስተማሪን አንቀጽ ማሳጠር ጥርስ ከመንቀል ይብሳል። እያጉረመረመች ሦስት መስመር አስቀረች። አሁንም ጠበበ። ከገጹ ግርጌ፣ በራሱ ሳጥን፣ ስሜ ተቀምጧል። አዎ፣ እዚያም ጽፌዋለሁ! እሷ ከሂሩት ጋር ስታወራ፣ በትንሽ ፊደል፣ እንደ ሌባ።

ዘነበች አየችው። ማውሱን ወደ እኔ ገፋችው። «አልነካውም» አለች። «አንተው ንካው።»

ሂሩት ሰዓቷን አየች። ሳጥኑን ጠቅ አደረግሁት፤ በዙሪያው ቀጭን ሰማያዊ መስመር ወጣ። ታፔላ ላይ ቢሆን መፋቂያ፣ ቤንዚን፣ ብዙ ላብ ይፈልጋል። እዚህ አንድ ቁልፍ ነው። ጫንኩት። ስሜ ጠፋ፤ መደቡ እንዳለ ቀረ፣ ቀዳዳም አልወጣም። ዘነበች ስልክ ቁጥሯን ወደዚያ አወረደችውና እንደ ልቧ አሳደገችው። ደረቷን የነፋች ይመስል ነበር፤ ቁጥሯን ማለቴ ነው።

ሂሩት አተመችው። በምላጯ በአራቱም ጠርዝ ከረከመችው። የወደቀው ቀይ መደብ ብቻ ነው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ከወረቀቱ ላይ ቁጥሩን እያየች መታችው። ከዘነበች ቦርሳ ውስጥ ጥሪው ሲጮህ ሦስታችንም እንደ ልጅ ሳቅን። ፕሌቱ የወጣው ቆመን እያየን ነው።

ለእናንተ ለምታነቡኝ የምለው ይኸው ነው። ያን ቀን የተለወጠው ፕሮግራሜ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሥራ ሲመጣልኝ ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት፣ የት ነው የሚታየው፣ በስልክ ነው በወረቀት፣ ይከረከማል ወይ፣ ጽሑፍ ይበዛበታል ወይስ ምስል፣ ብዬ እጠይቃለሁ። ድሮ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እኔ የማውቀው የቱን ነው? ሰው የሚያውቀውን መሣሪያ ሲወድ ሥራው ያን መሣሪያ የሚፈልግ ይመስለዋል። እኔ ብቻ ሳልሆን እናንተም ትኖራላችሁ፤ ሁሉን በወርድ ፕሮግራም የምትሠሩ፣ ሁሉን በስልክ የምትሠሩ፣ አውቃችኋለሁ። ከመላካችሁ በፊት በልኩ አትማችሁ ጠርዙን ቁረጡት። ከምትወዱት ሰው ጋር ብትቆርጡት ደግሞ ሌላም ነገር ታያላችሁ። እኛ ቤት አሁን ፊደሉንና ፎቶውን እኔ፣ ገጹን ዘነበች እንሠራለን። ሥራ ይመጣል። ስንጨቃጨቅ ጎረቤት ይሰማል፤ ጭኮ ሊቀምስ የሚመጣበትንም ሰዓት ከዚያ ይለያል።

ባዛሩ በተከፈተ በማግስቱ ዘነበች ጓሮ ገብስ እያበጠረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። አነሳሁት። ድምፁን የማላውቀው ሰው ነው።

«የጭኮው ቤት ነው?»

«ነው።»

«መጽሔቱ ላይ አይቼ ነው። ለሱቄ በብዛት ፈልጌ ነበር። ማን ልበል?»

አፌን ከፈትኩ። «ታደሰ ሠዓሊ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከነጥላው።

«የወይዘሮ ዘነበች ባል ነኝ» አልኩ። «ይጠብቁ፣ የጭኮውን ባለቤት ላቅርብልዎ።»